ቀይ መብራት ሲበራ ፓምፑ ለምን ይነሳል? የጣና ዳር ፓምፕና የሲ ቢት ኦፕሬተሮች

ይህን የምጽፈው ማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያ የሚያዝ፣ በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ማድረግ ለጀመራችሁ ነው። በተለይ |፣ &፣ ~ እና << የሚባሉትን ምልክቶች ከሌላ ሰው ኮድ ላይ እየገለበጣችሁ ለምትሠሩ። ኮዱ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ኤልኢዲው ይበራል፣ ይጠፋል። ደስ ይላል። ከወራት በኋላ ግን የሰው ሞተር ይቃጠላል። እኔ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ጥገናው እጄ ላይ ስለወደቀ ነገሩን ከሥሩ ማየት ነበረብኝ፤ ያየሁትን እንዳለ ላካፍላችሁ።

ቦታው ጣና ዳር ነው፤ ከባሕር ዳር ወጥታችሁ ወራሚትን አልፎ ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል። ባለቤቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ሐይቁ ጠርዝ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ የጣና ውኃ ወደ እሱ ሰርጎ ይገባል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከጉድጓዱ ስቦ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ይሞላል። ከሮቶው ደግሞ ውኃው በቫልቭ ተለቆ በቦይ ወደ መደቡ ይወርዳል። ሁሉንም የሚያዘው አንድ ሳጥን ነው። ውስጡ አርዱኢኖ ኡኖ አለ፤ ማለትም ኤቲሜጋ328ፒ የሚባለው ባለ 8 ቢት ቺፕ። ሳጥኑን የሠራው ልጅ ሥራ አግኝቶ ከተማውን ለቋል። ደግነቱ ኮዱን ትቶላቸው ነበር።

ሳጥኑ ኅዳር ላይ ተተከለ። እስከ መጋቢት ድረስ አንድም ችግር አልነበረም። ሚያዝያ ላይ የፓምፑ ሞተር ተቃጠለ። አስጠግነው መለሱት፤ ብዙም ሳይቆይ ደገመ። የመጡት ባለሙያዎች ሪሌዩን (በቺፑ ትእዛዝ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ቀየሩ፣ ሽቦውን ቀየሩ፣ የሐይቁ እርጥበት ነው አሉ። እኔ ስደርስ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጠው ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይቺ ቀይ መብራት ውኃ የለም ለማለት ነው የተሠራችው። እሷ ስትበራ ግን ፓምፑ ይነሳል።»

«ጋሼ፣ ይቆማል ማለትዎ ነው?»

«ይነሳል አልኩህ እኮ። ቆሞ የነበረው ይነሳል።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯችሁ እመኑ። መሣሪያውን ጠዋት ማታ የሚያየው ሰው ቢት ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚሆን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። መብራቷና ፓምፑ አብረው የሚነሱ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ተያይዘዋል ማለት ነው። ሽቦውን በቴስተር አንድ በአንድ ለካሁት፤ የትም አይገናኙም። የቀረው ኮዱ ነው።

ኤቲሜጋ328ፒ ላይ ፖርት ዲ የሚባል 8 እግሮች ያሉት ቡድን አለ። ስምንቱም እግሮች በአንድ ባይት ይታዘዛሉ፤ አንዱ ቢት ለአንዱ እግር። ቢቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ከ0 እስከ 7 ይቆጠራሉ። በዚህ ሳጥን ላይ ቢት 0 እና ቢት 1 ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራው ሲሪያል መስመር ናቸው። ቢት 2 የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ነው። ቢት 3 ቀዩ መብራት። ቢት 4 የፓምፑ ሪሌይ። ቢት 5 የቫልቩ ሪሌይ። ቢት 6 የሮቶው ተንሳፋፊ ስዊች። ቢት 7 የጉድጓዱ ተንሳፋፊ ስዊች።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ገበያ ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ የሪሌይ ቦርዶች የሚነሱት 0 ሲሰጣቸው ነው። 1 ማለት ጠፍቷል፣ 0 ማለት በርቷል። ሁለተኛ፣ አንድ እግር ግቤት ሆኖ ሳለ ፖርቱ ላይ 1 ከተጻፈበት ቺፑ ውስጥ ያለው ፑል-አፕ ሬዚስተር ይያያዛል። 0 ከተጻፈበት ይለቀቃል። ስዊቹ ክፍት ሲሆን እግሩን ወደ 1 የሚስበው ይህ ሬዚስተር ነው። እሱ ከሌለ እግሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የሚነበበው ነገር አይታመንም።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በሰላም ቆሞ ሳለ የፖርት ዲ ባይት እንዲህ ነው፦

11110100

ቫልቭና ፓምፕ ጠፍተዋል፤ የሁለቱ ስዊቾችና የቁልፉ ፑል-አፕ ተያይዟል። ቀዩ መብራት ጠፍቷል። አሁን የጉድጓዱ ውኃ ሲጎድል መብራቱን የሚያበራውን መስመር እዩት፦

ፖርትዲ = 8;

ስምንት በሁለትዮሽ 00001000 ነው። ቢት 3 አንድ ሆነ፤ መብራቱ በራ። ጻፊው የፈለገው ይህንን ብቻ ነበር። ግን እኩል ምልክቱ የሚጽፈው አንድ ቢት ላይ አይደለም፤ ስምንቱም ላይ ነው። ቢት 4 ዜሮ ሆነ፤ ፓምፑ ተነሳ። ቢት 5 ዜሮ ሆነ፤ ቫልቩ ተከፈተ። ቢት 6 እና 7 ዜሮ ሆኑ፤ ፑል-አፖቹ ተለቀቁ። የጉድጓዱ ስዊች ንባብ መዋዠቅ ጀመረ። መብራቱን የሚያጠፋው መስመር ደግሞ 244 ይጽፋል፤ እሱ በአጋጣሚ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ንባቡ በዋዠቀ ቁጥር ፓምፑ ተነሳ ጠፋ፣ ተነሳ ጠፋ ይላል። ያውም ውኃ በሌለበት፣ ደረቁን።

ፓምፑን የሚያጠፋው መስመር ከላይ በትክክል ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው የመብራቱ መስመር ግን መጥቶ ያፈርሰዋል። ኮዱን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው «ፓምፕ አጥፋ፣ መብራት አብራ» ብሎ ነው የሚያልፈው። አሳሳቹ ይህ ነው።

ለምን እስከ መጋቢት ሠራ? ጣና ክረምት ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በጋውን ሙሉ እየወረደ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ጉድጓዱ ሙሉ ነው። ሚያዝያ ላይ ሐይቁ ሲሸሽ ነው የጉድጓዱ ውኃ ከስዊቹ በታች የወረደው። ያ መስመር ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አልሠራም ነበር። ለመከላከያ ተብሎ የሚጻፍ ኮድ ጠባዩ ይኸው ነው፤ የሚፈተነው አደጋው በደረሰበት ቀን ነው። እባካችሁ የመከላከያ መስመሮችን በመጀመሪያው ቀን በእጃችሁ አስነሷቸው። ተንሳፋፊውን ወደ ታች ይዛችሁ ሁሉም ሪሌይ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

ማስተካከያው አጭር ነው፦

ፖርትዲ |= (1 << 3);

መጀመሪያ ቅንፉን እንፍታው። 1 << 3 ማለት አንድን ሦስት ቦታ ወደ ግራ ግፋው ማለት ነው፤ 00001000 ይሆናል። ይህ ማስክ ይባላል። ከዚያ | የሚለው ኦር ሥራውን ይሠራል፤ ከሁለቱ በአንዱ 1 ካለ ውጤቱ 1 ነው።

11110100
00001000
የሁለቱ ኦር፦ 11111100

ማስኩ 0 በሆነባቸው ቦታዎች የነበረው እንዳለ ቀረ። ፓምፑ አልተነካም፤ ፑል-አፑም አልተነካም። ለማጥፋት ደግሞ፦

ፖርትዲ &= ~(1 << 3);

~ ማስኩን ይገለብጠዋል፤ 11110111 ይሆናል። & የሚለው አንድ ወንፊት ነው፤ በማስኩ 1 ያለበትን ያሳልፋል፣ 0 ያለበትን ያስቀራል። ስለዚህ ቢት 3 ብቻ ይጠፋል። ~ን የረሳ ሰው ተቃራኒውን ያገኛል፤ ከቢት 3 በስተቀር ሁሉንም ያጠፋል። በእኛ ሳጥን ላይ ያ ማለት ፓምፑን ማስነሳት ነው።

ለማንበብም ያው ወንፊት ነው (ፒንዲ የፖርት ዲ እግሮች ንባብ ነው)፤ ፒንዲ & (1 << 7)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ውጤቱ 0 ወይም 128 ነው እንጂ 0 ወይም 1 አይደለም። ከ1 ጋር ካነጻጸራችሁት መቼም እውነት አይሆንም። ዜሮ መሆን አለመሆኑን ብቻ ጠይቁ።

^ የሚለው ደግሞ ያለውን ይገለብጣል፤ የበራውን ያጠፋል፣ የጠፋውን ያበራል። መብራት ብልጭ ድርግም ለማድረግ ግሩም ነው። ለፓምፕ ግን በፍጹም አልጠቀምበትም። ^ ውጤቱ የሚወሰነው ከዚያ በፊት በነበረው ሁኔታ ነው። ቀድሞ ምን እንደነበረ የተሳሳትን ቀን «አጥፋ» ብለን የምናስነሳው ይሆናል። ሞተር፣ ማሞቂያ፣ ቫልቭ የመሰለ ነገር ላይ ሁልጊዜ በግልጽ አብራ ወይም በግልጽ አጥፋ በሉ። በዚህ ቺፕ ላይ ደግሞ በፖርትዲ ፈንታ በስህተት ፒንዲ ላይ 1 ከጻፋችሁ ያም እግሩን ይገለብጠዋል። የአንድ ቃል ልዩነት ነው።

መብራቱ ከተስተካከለ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ባለቤቱ ሻይ እየቀዱልኝ ሌላ ነገር አነሱ። ሳጥኑ ውስጥ ዲኤስ1307 የሚባል የሰዓት ቺፕ አለ። ቫልቩ ጠዋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት፣ በኮዱ የ24 ሰዓት አቆጣጠር 6 እና 18 ላይ፣ እንዲከፈት ነበር የታሰበው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምሽቱ ውኃ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ይለቀቅ ነበር። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው! የአገራችን ሰው ይህን ሲያይ የሚገምተው ይታወቃል፤ የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ተቀላቅሏል ማለት ነው። አንድ የሰፈር ተማሪ ኮዱን ከፍቶ በሁለቱም ላይ 6 ጨመረ። 6 የነበረው 12 ሆነ፤ 18 የነበረው 24 ሆነ። ምሽቱ ተስተካከለ። ጠዋት ግን ቫልቩ ጭራሽ መከፈቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ይከፍቱታል።

ኮዱ ውስጥ 24ን ሳይ ቆም አልኩ። የ24 ሰዓት አቆጣጠር 23 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ 0 ይመለሳል። ሃያ አራተኛው ሰዓት የለም። ታዲያ የሌለ ሰዓት እንዴት በየምሽቱ ይደርሳል? ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው የጠዋቱም መሳት ነበረበት። የጠዋቱ ግን ልክ ነበር፤ የተበላሸው 6 ሲጨመርበት ነው።

መልሱ ቺፑ ቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ዲኤስ1307 ሰዓቱን የሚይዘው በቢሲዲ ነው። ባይቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የግራዎቹ አራት ቢቶች የአሥር ቤትን፣ የቀኞቹ አራት የአንድ ቤትን ይይዛሉ። ቀትር፣ ማለትም 12፣ እንዲህ ተጽፎ ይቀመጣል፦ 0001 0010። በግራ 1፣ በቀኝ 2። ይህንኑ ባይት እንደ ተራ ቁጥር ካነበባችሁት 16 ሲደመር 2፣ 18 ነው። ለዚህ ነው 18ን የሚጠብቀው ኮድ ቀትር ላይ የተነሳው። 18 ደግሞ 0001 1000 ነው፤ እንደ ተራ ቁጥር 24። ተማሪው 24 ሲያደርገው የገጠመለት ለዚህ ነው። ጠዋት 6 በሁለቱም መንገድ 6 ነው፤ ከ10 በታች ልዩነት የለም። 12 የሚባል ተራ ቁጥር ግን ከሰዓት ባይቱ ውስጥ ፈጽሞ አይወጣም፤ ምክንያቱም በቢሲዲ ከ9 ቀጥሎ የሚመጣው 0001 0000 ነው፤ ያም 16 ተብሎ ይነበባል። የጠዋቱ ቫልቭ የሞተው በዚህ ነው።

ለእኔ ትልቁ መገለጥ እዚህ ጋ ነበር። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ከባህላችን ጋር በአጋጣሚ ስለገጠመ ሁላችንም ማመን የፈለግነውን አመንን። ልዩነት ስታዩ ምክንያቱን ከመገመታችሁ በፊት ጥሬውን ባይት በቢት አውጥታችሁ እዩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስተካከያው ይኸው፦

ሰዓት = ((ባይት >> 4) * 10) + (ባይት & 15);

>> 4 የግራዎቹን አራት ቢቶች ወደ ቀኝ ያወርዳቸዋል። & 15 ደግሞ የቀኞቹን አራት ብቻ ያስቀራል፤ 15 ማለት 00001111 ነውና። አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰዓቱ ባይት ቢት 6 የ12 ወይም የ24 ሰዓት አቆጣጠር መምረጫ ነው፤ የሰከንዱ ባይት ቢት 7 ደግሞ ሰዓቱን ማቆሚያ ነው። እነዚህ የቁጥሩ አካል አይደሉም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የሰዓቱን በ& 63፣ የሰከንዱን በ& 127 አጣሩት። አዲስ የተገዛ ዲኤስ1307 አንዳንዴ ሰከንዱ አልሄድ የሚለው ያ የማቆሚያ ቢት 1 ስለሆነ ነው፤ ቺፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። የሐበሻ ሰዓትን በተመለከተ የእኔ ልማድ አንድ ነው። ኮዱ ውስጥ ሁሉም በ24 ሰዓት ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲጻፍ ብቻ።

ሦስተኛው ችግር እንደ ችግር እንኳ አልተቆጠረም ነበር። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ መቆም አለበት። አይቆምም ነበር። ትርፉ ውኃ በቦዩ ወደ ሽንኩርቱ ስለሚወርድ ማንም ቅር አላለውም፤ የመብራት ቆጣሪው ብቻ ነው የሚያውቀው። መስመሩ ይህ ነበር፦

ፒንዲ & 64 == 64

ስታነቡት «ቢት 6 አንድ ከሆነ» ይመስላል። ሲ ግን እንደዚያ አያነበውም። በሲ ሕግ == ከ& ይቀድማል። መጀመሪያ 64 == 64 ይሠራል፤ መልሱ እውነት፣ ማለትም 1። ከዚያ ፒንዲ & 1 ይሆናል። ቢት 0 ደግሞ ሲሪያል መስመሩ ነው! ሲሪያል መስመር ሥራ ሲፈታ 1 ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አዎ፣ ገና አልሞላም» ነበር መልሱ። የሮቶው ስዊች ከተተከለ ጀምሮ ማንም አንብቦት አያውቅም።

ይህ ቅደም ተከተል የኖረ ጣጣ ነው። ሲን የፈጠረው ዴኒስ ሪቺ ራሱ ጽፎታል። በመጀመሪያ & ለቢትም ለአመክንዮም ያገለግል ነበር። በኋላ && ሲለይ፣ ቀድሞ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ የ& ቦታ እንዳለ ተተወ። እኛም እስከ ዛሬ በቅንፍ እንከፍላለን፦

(ፒንዲ & 64) == 64

የቢት ምልክት ባያችሁበት ሁሉ ቅንፍ አድርጉ። ሕጉን ብታውቁትም አድርጉ፤ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ላያውቀው ይችላል። ደግሞ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ይህን ያያል፤ ቅንፍ አድርጉ ብሎ ያስጠነቅቃል። አርዱኢኖ ላይ ግን ማስጠንቀቂያው ሲጀመር የተዘጋ ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ የሚለውን «ኦል» ላይ አድርጉት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ ነጻ ነው፣ አሁኑኑ ይሠራል።

አራተኛው ከሁሉም ያደከመን ነው። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ አልፎ አልፎ እንዳልተጫነ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንዴ ግን ተጭነውት ፓምፑ ዝም ብሎ ይቀጥላል። አደጋ ማቆሚያ «ብዙ ጊዜ ይሠራል» የሚባልበት ነገር አይደለም። ቁልፉ በኢንተራፕት ነበር የሚነበበው፤ ማለትም ሲጫን ቺፑ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ለቁልፉ የተጻፈችውን ኮድ ይሠራና ይመለሳል። ሲጫን ኢንተራፕቱ «ሁኔታ» በሚባል ባይት ውስጥ ቢት 0ን 1 ያደርጋል። ዋናው ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ባይት ውስጥ ቢት 1ን ለሌላ ጉዳይ ይጠቀምበታል። ሁለቱም |= ነው የሚጠቀሙት። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም ስህተት የለውም።

ግን |= አንድ እርምጃ አይደለም። ባይቱን ከራም ያነባል፣ ይቀይራል፣ መልሶ ይጽፋል። ዋናው ፕሮግራም ባይቱን አንብቦ 00000000 በእጁ ይዟል እንበል። በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ይጫናል። ኢንተራፕቱ ገብቶ 00000001 ጽፎ ይወጣል። ዋናው ፕሮግራም ያቋረጠውን ይቀጥላል። በእጁ ያለው የቀድሞው ነው፤ ቢት 1ን ጨምሮ 00000010 ይጽፋል። የቁልፉ ቢት ጠፋ። ማንም አላጠፋውም፤ ተጻፈበት እንጂ።

ጣታችሁን ኮዱ ላይ አድርጋችሁ «እዚህ ጋ ኢንተራፕት ቢገባስ?» ብላችሁ በየመስመሩ ካልጠየቃችሁ ይህን አታገኙትም። በሙከራም አይገኝም፤ ቅጽበቷ በጣም ጠባብ ናት። መፍትሔው ያቺን መስመር ኢንተራፕት ዘግቶ መሥራትና መልሶ መክፈት ነው። ኤቪአር-ሊብሲ (ኤቪአር ለሚባለው የዚህ ቺፕ ቤተሰብ የተዘጋጀው የሲ ላይብረሪ) ውስጥ አቶሚክ ብሎክ የሚባል ለዚሁ የተዘጋጀ ነገር አለ፤ ኢንተራፕቱ ቀድሞ ምን እንደነበረ ይዞ ይመልሳል። እኔ ግን ከዚያ ቀላሉን መረጥኩ። ለቁልፉ የራሱ ባይት ሰጠሁት፤ ቮላታይል (ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ ከራም እንዲያነበው የሚያዝ ቃል) ብዬ አወጅኩት። ቺፑ 2 ኪሎባይት ራም አለው። ቢት መቆጠብ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የአደጋ ማቆሚያ ግን ከሌላ ነገር ጋር ባይት መጋራት የለበትም። በነገራችን ላይ ፖርት ዲ ላይ የአንድ ቋሚ ቢት |= እና &= በዚህ ቺፕ ላይ ኮምፓይለሩ ሲያሳጥረው አንድ ትእዛዝ ነው የሚሆነው። ስለዚህ እዚያ ይህ አደጋ የለም። ማስኩ ተለዋዋጭ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ቢት ከያዘ ግን አደጋው ይመለሳል።

አንድ ተቃራኒ ነገርም እወቁ። የኢንተራፕት ባንዲራ (ኢንተራፕት መምጣቱን የሚያሳይ ቢት) የሚይዙ ሬጅስተሮች፣ ማለትም እንደ ፖርትዲ ያሉ የቺፑ ልዩ ባይቶች፣ አሉ፤ ባንዲራው የሚጠፋው 1 ሲጻፍበት ነው። እነዚያ ላይ |= ከተጠቀማችሁ የተነሱትን ባንዲራዎች ሁሉ አንብባችሁ መልሳችሁ 1 ትጽፉባቸዋላችሁ፤ ሌሎቹም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። እዚያ ቦታ ተራው = ነው ትክክሉ። ስለዚህ «ሁልጊዜ |=» ብላችሁ አትሸምድዱ። የቺፑን ማኑዋል ከፍታችሁ ያ ሬጅስተር ሲጻፍበት ምን እንደሚያደርግ አንብቡ።

ስለ መግፋት አንድ ነገር ላክል። ኤቪአር ላይ ተራው ኢንት (የሲ ሙሉ ቁጥር መያዣ) 16 ቢት ነው። የውኃ ድምር ለመያዝ አራት ባይት ስትገጣጥሙ አንዱን ባይት በቀጥታ 16 ወይም 24 ቦታ ብትገፉት ይጠፋል። መጀመሪያ ወደ 32 ቢት ቀይሩት፣ ከዚያ ግፉት። ላፕቶፕ ላይ የሞከራችሁት ኮድ እዚህ የሚከዳችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አሁን ማንኛውንም እንዲህ ያለ ሥራ ስቀበል ሪሌይ ከማገናኘቴ በፊት ስምንት ኤልኢዲ በስምንት ሬዚስተር ብሬድቦርድ ላይ ደርድሬ ከፖርቱ ጋር አያይዛለሁ። የፖርቱ ባይት በዓይን ይታያል። አንዱን ሳበራ ሌላው ከተንቀሳቀሰ ወዲያው አያለሁ። ባይቱን በሲሪያል አውጥታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ የአርዱኢኖው የሁለትዮሽ ማተሚያ ከፊት ያሉትን ዜሮዎች እንደሚጥል አትርሱ። 00001000 የነበረው 1000 ሆኖ ይወጣል፤ ቢቱን ከግራ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። ከ7 እስከ 0 የሚቆጥር ሉፕ ጽፋችሁ በ>> እና በ& 1 አንድ በአንድ አትሙት።

መጨረሻ ላይ የቀረን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓምፑ ለቅጽበት ቀጭ ብሎ የሚነሳው ነገር ነበር። ቺፑ ሲነሳ ፖርቱ ሁሉ 0 ነው። ኮዱ መጀመሪያ እግሩን ውፅዓት አድርጎ ከዚያ 1 የሚጽፍ ከሆነ በመካከሉ ሪሌዩ 0 ያገኛል፤ ይነሳል። ቅደም ተከተሉን አዙሩት። መጀመሪያ ፖርትዲ ላይ የሪሌዮቹን ቢቶች በ|= 1 አድርጉ፣ ከዚያ በዲዲአርዲ (እግሩ ግቤት ወይም ውፅዓት መሆኑን በሚወስነው ሬጅስተር) ላይ እነዚያኑ ቢቶች በ|= ውፅዓት አድርጉ። ቡትሎደሩ (ቺፑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ግን የእናንተ ኮድ ገና አልጀመረም፤ ያን ጊዜ የሚሸፍነው ሬዚስተር ነው። 10 ኪሎ ኦም ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከ5 ቮልት፣ ሌላውን ከሪሌዩ መግቢያ ጋር አገናኙት። ለፓምፑም ለቫልቩም ለየብቻ።